የሁለቱ ዓባዮች መርከቦችና ጠባቂዎቻቸው

ከሰከላ ግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን በዙሪያው ከቦ ወደ ቆላ የሚወርደው ወንዛችን ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ምድር ላይ ሦስት ከተሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ በምዕራብ ኦምዱርማን፣ በሰሜን ደግሞ ነዋሪዎቿ ባሕሪ የሚሏት ሰሜን ካርቱም ናቸው። ቅዱሳት መጻሕፍት ግዮን ብለው ከገነት አፍላጋት እንደ አንዱ የሚቆጥሩት ይህ ወንዝ፣ ለከተሞቹ ከውሃና ከዓሣ ሌላ ሥራና ታሪክም ሰጥቷቸዋል፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ከተሸናፊው እጅ ወደ አሸናፊው እጅ እየተላለፈ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ሥራ ግን የመርከብ ግንባታና እድሳት ነው። የሀገሩ ሰዎች ተርሳና የሚሉት የመርከብ ማደሻ እንዴት እንደ ቆመ፣ የታደሱበት መርከቦች ምን እንደ ደረሰባቸው፣ የወንዝ ዳር መሬት ዋጋው በናረ ጊዜም ይህን ቅርስ ከጥፋት ለማዳን እነማን እንደ ደከሙ በዘመን ቅደም ተከተል መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት በ1821 ወደ ሱዳን በገባ ጊዜ ካርቱም ገና ከተማ አልነበረችም፤ ሠራዊቱ በወንዞቹ መገናኛ አጠገብ የሰፈረበት ቦታ ግን ጥቂት ቆይቶ የግዛቱ ሁሉ መናገሻ ሆነ፤ በተለይም ከ1826 እስከ 1838 ሱዳንን ባስተዳደረው በዓሊ ኹርሺድ ፓሻ ዘመን የሣርና የቆዳ ጎጆው በጡብ ቤት እየተተካ ሄደ። በበረሃ ለተከበበች ከተማ ሰፊው ጎዳና ወንዙ ነበርና፣ ግብር ለመሰብሰብም፣ ወታደር ለማጓጓዝም፣ ለንግድም ጀልባ የግድ ሆነ። እንጨቱ ከሩቅ አልመጣም፤ በነጭ ዓባይ ዳርቻ ሱንት የሚባለው የግራር ወገን ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅል ነበር። ሱንት ጠንካራ ቢሆንም ጠማማና አጭር በመሆኑ ረጅም ሳንቃ አይወጣውም፤ ስለዚህም የሱዳን ጠራቢዎች አጫጭሩን ሳንቃ ጎን ለጎንና ደረጃ በደረጃ እየገጠሙ፣ በረጅም ምስማር እየሰፉ፣ የጎድን አጥንት የሌለውን፣ ኑጋር የተባለውን ሰፊ ባለሸራ ጀልባ ያንጹ ነበር። በአምስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብጽን የጎበኘው ሔሮዶቱስ፣ የወንዙ ሰዎች ጀልባቸውን ከግራር ሳንቃ እንደ ጡብ ደርድረው እንደሚሠሩ ጽፎ ነበርና፣ የካርቱምና የኦምዱርማን ጠራቢዎች በእጃቸው ይዘውት የኖሩት ጥበብ ከሁለት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ነው ማለት ይቻላል።

ከካርቱም ወደብ በ1839 ሰሊም ቃቡዳን የተባለው መኮንን የነጭ ዓባይን ምንጭ ለመፈለግ ተነሣ፤ እስከ 1842 ድረስም ሦስት ጊዜ ወደ ደቡብ ተጓዘ። ጉዞው የጂኦግራፊን ዕውቀት ቢያሰፋም፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ፈላጊዎች ተከታትለው የሚሄዱበትን መንገድ ጭምር ከፈተ፤ ከካርቱም የሚነሡት ጀልባዎች በዚያ ዘመን ብዙ የሰው መከራ እንደ ጫኑ ሊካድ አይገባም። ከዚያም ዘመነ እንፋሎት መጣ። ከአውሮፓና ከግብጽ በየክፍላቸው ተፈታተው የሚመጡ የብረት መርከቦች በካርቱም ተገጣጠሙ፤ ከወንዙ ዳር የነበረው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትና የመርከብ ማደሻም ማቅለጫና መቀጥቀጫ ያለው፣ ግብጻዊው መሐንዲስና ሱዳናዊው አንጥረኛ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሰፊ የሥራ ቤት ሆነ።

የዚህ ግቢ ዋጋ ከምንጊዜውም በላይ የታወቀው በመከራ ቀን ነው። መሐመድ አሕመድ ማሕዲ ነኝ ብሎ በ1881 ከተነሣ በኋላ፣ በማርች 1884 ካርቱም በተከታዮቹ በደርቡሾች ተከበበች። በውስጧ የነበረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርዶን የቀረችው የውጭ በር ወንዙ ብቻ መሆኑን ዐውቆ፣ በጎንና በጎናቸው መንኮራኩር የሚያዞሩትን ትንንሽ የእንፋሎት መርከቦች በብረት ሰሌዳና በወፍራም ግንድ እያስለበሰ፣ በጥይት ሲበሱም በዚያው በማደሻው እያስጠገነ አዋጋቸው። ከእነዚህ አንዷ ቦርዴን ትባላለች። በዲሴምበር 1884 የጎርዶንን የመጨረሻ የዕለት መዝገብ ይዛ ከከበባው ወጣች፤ በጃንዋሪ 1885 በመተማ አጠገብ (ይህቺ መተማ በካርቱም ሰሜን ያለችው የጀዓሊዎች ከተማ እንጂ የእኛ ድንበር አይደለችም) ከእንግሊዝ ረዳት ጦር ጋር ተገናኘች፤ ከዚያም ጥቂት ወታደሮችን ይዛ ከእኅቷ ከተላሃዊያ ጋር ወደ ካርቱም ተመለሰች። ጃንዋሪ 28 ቀን ከከተማው ፊት ስትደርስ ግን ካርቱም ከተያዘች ጎርዶንም ከሞተ ሁለት ቀን ሆኖ ነበር። በመልሱ ጉዞ ተላሃዊያ ተሰብራ ሰጠመች፤ ቦርዴንም ጃንዋሪ 31 ቀን ከዐለት ጋር ተጋጭታ ቆመች።

የደርቡሾች መንግሥት የቦርዴንን ስባሪ ለወንዙ አልተወም፤ አውጥቶ አሳደሳትና ለራሱ አገልግሎት አዋላት። ማሕዲ በዚያው ዓመት ከሞተ በኋላ የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂ ሕዝቡ ካርቱምን ለቅቆ ወደ ኦምዱርማን እንዲሻገር አዘዘ፤ የካርቱም ቤቶች ፈርሰው ጡባቸውና እንጨታቸው ለአዲሲቱ ከተማ ተጫነ፤ ከመላዋ ከተማ ሳይፈርሱ ከቀሩት ጥቂት ነገሮች መካከል ግን የጦር መሣሪያው ግምጃ ቤትና የመርከብ ማደሻው ይገኙበታል። በ1889 በድንበራችን በመተማ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው ያው መንግሥት፣ የጠላቱን ከተማ ከመሠረቷ ሲንድ የጠላቱን ማደሻ ከነሠራተኞቹ ጠበቀ። ለተርሳናው የተደረገ የመጀመሪያው ጥበቃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለቅርስ መቆርቆር አልነበረም፤ ግቢው ለምን እንደሚጠቅም የሚያውቁ ሰዎች በአጠገቡ መኖራቸው ብቻ ነበር። ይህ ነገር ከዚህ በኋላ በሚተረከው ታሪክ ሁሉ ደጋግሞ ይታያል።

በ1896 እንግሊዝና ግብጽ በጄኔራል ኪችነር አዛዥነት ሱዳንን መልሰው ለመያዝ በተነሡ ጊዜ፣ በለንደን አጠገብ በቴምዝ ዳር በቺዝዊክ የሚገኘው የቶርኒክሮፍት መርከብ መሥሪያ ለዓባይ የሚሆን የጦር መርከብ እንዲያንጽ ታዘዘ። ስሟ መሊክ ተባለ። ርዝመቷ 44 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጥልቅ ውሃ ከምትንሳፈፍ የባሕር መርከብ የምትለየው ከውኃው በታች የሚሰጥመው አካሏ ከአንድ ሜትር በታች በመሆኑ ነበር፤ በበጋ ሲጎድል አሸዋው ለሚታየው ወንዝ የሚስማማው እንዲህ ያለው ነውና። ተሠርታ ካለቀች በኋላ እንደገና ተፈታታ ወደ ግብጽ ተጫነች፤ በጀልባና በበረሃው የባቡር ሐዲድ ተጉዛ በበርበር አጠገብ በዓባዲያ ተገጣጠመች። አዛዧ የሟቹ የጄኔራል ጎርዶን የወንድም ልጅ ሻለቃ ጎርዶን ነበር።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን ሰሜን በከረሪ ሜዳ የተደረገውን ጦርነት ሱዳናውያን እስከ ዛሬ በሐዘንም በኩራትም ያስቡታል። በአንድ ማለዳ ከ10 ሺህ የማያንስ የኸሊፋው ተዋጊ በመትረየስና በመድፍ ወደቀ፤ መሊክና ጓደኞቿም ከወንዙ ላይ ሆነው ሞትን ካዘነቡት መካከል ነበሩ። እንግዲህ ይህች መርከብ ለሱዳን ሕዝብ ምኑ ናት? ወራሪ ያመጣት የጦር መሣሪያ አይደለችምን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን የከረሪ ጀግኖች ደረታቸውን የሰጡት ለምን ዓይነት ኃይል እንደ ነበረ ከመጻሕፍት ይልቅ በዓይን የሚያሳይ ምስክር ቢኖር ይህቺው መርከብ ናት፤ ምስክርን ማጥፋት ደግሞ በዳዩን ነጻ ማውጣት እንጂ የተበደለውን መካስ አይደለም። ለጎርዶንም፣ ለኸሊፋውም፣ እንደገና ለእንግሊዞችም ያገለገለችው ቦርዴን ደግሞ የሦስቱ መንግሥታት የጋራ ቅርስ ሆና ትገኛለች።

ከድሉ በኋላ ካርቱም እንደ አዲስ ተቀየሰች፤ የባቡሩ ሐዲድ በ1899 ማብቂያ በሰሜን ካርቱም ደርሶ ስለ ነበር፣ የአዲሱ መንግሥት የመርከቦች መሥሪያ ቤትና ማደሻም በዚያው፣ ሐዲዱና ውሃው በሚገናኙበት ዳርቻ ተተከለ። የዚሁ መንግሥት መርከቦች በ1899 እና በ1900 በሻለቃ ፒክ መሪነት የላይኛውን ነጭ ዓባይ የዘጋውን፣ ሱድ የሚባለውን የደንገልና የሣር ክምር ሰንጥቀው ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ባሕሪ የአንጥረኞች፣ የብየዳ ሠራተኞች፣ የማሞቂያ ጋን ጠጋኞችና የመርከብ አዛዦች ከተማ ሆነች፤ ልጅ የአባቱን መዶሻ እየተረከበ በዚያው ግቢ ያረጀበት ቤተ ሰብ ብዙ ነው።

የዚህ ማደሻ ታሪክ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሜይ 15 ቀን 1902 በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሔክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ፈቀዱ፤ በዚህም መሠረት የጋምቤላ ወደብ ተቋቋመ። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ፣ በሰሜን ካርቱም የታደሱት መርከቦች በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ ሽቅብ እየወጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ከወለጋና ከኢሉባቦር በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደውን ቡናና ሰም ይጭናሉ። ወንዙ ሲጎድል መርከቦቹ ወደ ካርቱም ይመለሳሉ፤ የተበሳው ተጠግኖ፣ የዛገው ተፍቆ እስከ መጪው ክረምት ይቆያሉ። በ1941 ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር በሳዮ የነበረውን የጣሊያን ሠራዊት ሲገጥም ስንቁ የመጣው በዚሁ የወንዝ መንገድ ነበር። ጋምቤላ በ1956 ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመልሳለች።

መሊክም ከከረሪው ጦርነት በኋላ በመንግሥት መርከቦች መካከል ጥቂት ዘመን ካገለገለች በኋላ ጡረታ ወጣች። ብረቷ ተቆርጦ እንደ ብዙዎቹ እኅቶቿ በሚዛን ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ያዳናት በ1926 የብሉ ናይል የመርከብ ክለብ መሰብሰቢያ ትሁን መባሉ ነው። ክለቡ ከቤተ መንግሥቱ በስተ ምሥራቅ በዓባይ ዳር ሲሆን፣ አባላቱ በትንንሽ ባለሸራ ጀልባ የሚወዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የጦር መርከቢቱን ጽሕፈት ቤትና መገናኛ አደረጓት። በመጀመሪያ የእንግሊዝ ሹማምንት፣ ከነጻነት በኋላም ሱዳናውያን ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በመድፍ ሰገነቷ ላይ ምሽቱን ያሳልፉ ጀመር። ሐውልት ቢያደርጓት ኖሮ ምናልባት ትረሳ ነበር፤ ቤት ስላደረጓት ግን ጣራዋ ሲያፈስ የሚያይ፣ እንጨቷ ሲበላ የሚቆጭ ሰው አላጣችም።

በዚያው ዘመን በወንዞቹ መገናኛ ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት ሕዝብ የወንዝ ዳር ማኅበር ምን ማድረግ እንደሚችል በሁለት ነገር አሳየ። በ1944 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የደሴቲቱን የእርሻ መሬት ለራሱ ሥራ ሊወስድ ባሰበ ጊዜ ሕዝቡ አንለቅም ብሎ ከፖሊስ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በ1946 ዓባይ ከልኩ አልፎ በሞላ ጊዜ፣ ወንዱም ሴቱም ቀንና ሌሊት አፈርና ቅጠል ተሸክሞ በደረቱ ግድብ ሆነ፤ ለዚያ ተጋድሎ የተዘፈነው መዝሙር እስከ ዛሬ ጎርፍ በመጣ ቁጥር በካርቱም ይሰማል። መሬትን ከሹም፣ ደሴትን ከውሃ ማዳን የአንድ ልብ ሥራ መሆኑን ቱቲዎች ያስተማሩት ያኔ ነው።

ሱዳን በጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ የወንዝ መርከብ ዕድል እየጠበበ መጣ። የጭነት መኪናና የአስፋልት መንገድ ሰሜኑን ወሰደው፤ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ጉዞ ደግሞ ከ1983 እስከ 2005 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት አደናቀፈው፤ ደቡብ ሱዳን በ2011 ራሷን በቻለች ጊዜም የጥንቱ የካርቱምና የጁባ መስመር በሁለት መንግሥታት መካከል ተቆረጠ። በባሕሪ ማደሻ ግቢ ውስጥ አሮጌ መርከቦች ለጥገና ገብተው ሳይወጡ ቀሩ፤ የቦርዴንም ስብርባሪ በመካከላቸው ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ በመጣው ታላቅ ሙላት መሊክ ከታሰረችበት ተነሥታ በዳርቻው ላይ ተቀመጠች፤ ውሃው ሲሸሽ እርሷ በየብስ ቀረች።

ወዳጆቿ እንዳትፈርስ የፈሩት ያን ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ በብሪታንያ የታሪክ ወዳጆችና በሱዳን የኖሩ ሰዎች ተሰብስበው በስሟ የመሊክ ማኅበርን አቋቋሙ፤ የማኅበሩም ዓላማ መርከቢቱ ወደ እንግሊዝ ሀገር ተወስዳ እንድትታይ ሳይሆን፣ በዚያው በካርቱም፣ በዚያው በክለቡ ግቢ ተጠግና እንድትኖር ነበር። የክለቡ አባላት ቦታውን ይጠብቁ፣ የማኅበሩ ሰዎች የጥንት ሥዕሏንና መዝገቧን ይሰበስቡ ነበር፤ ለቦርዴንም እንዲሁ ተቆረቆሩላት። በኋላም የቦርዴን ቅሪት ከባሕሪ ወጥቶ ወደ ኦምዱርማን ዳርቻ፣ ከኸሊፋው ዘመን ግንብ ወደ ተረፈው የዓብዱል ቀዩም በር አጠገብ ተወሰደ፤ ጠላት ሆና በመጣችበትና አገልጋይ ሆና በኖረችበት ከተማ ማረፏ ተገቢ ነበር።

ይሁን እንጂ ከዝገት የባሰ ሌላ ጠላት ተነሥቶ ነበር፤ እርሱም የመሬት ዋጋ ነው። ሱዳን በ1999 ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች ወዲህ ወደ ካርቱም ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፤ የወንዙም ዳር የሆቴል፣ የቢሮና የመኖሪያ ፎቅ ገንቢዎች ዓይን አረፈበት። የጥንቱ መርከብ መሥሪያ በነበረበት በምዕራብ ካርቱም፣ ሙቅረን በሚባለው የወንዞቹ መገናኛ፣ የንግድ ማማዎች፣ መኖሪያ ቤቶችና የጎልፍ ሜዳ የሚይዝ ሰፊ ዕቅድ ወጣ፤ ዕቅዱ በስሙ የተጠራበት የሱንት ደን፣ ማለት ለጀልባ ሳንቃ ይሰጥ ከነበረው ጫካ የተረፈው ቅሬታ፣ በዚያው አጠገብ የተከለለ የወፎች መጠለያ ነበር። የአካባቢ ተቆርቋሪዎችና ምሁራን ለደኑ ተከራከሩ፤ ቱቲዎችም ደሴታቸው መዝናኛና ሆቴል ትሁን የሚለው ሐሳብ ሲነሣ የአባቶቻቸውን መልስ መለሱ። ገንዘቡ ቤት ይሠራል፤ ቤትም ለሕዝብ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ክርክሩ ግን ወንዙ ለካርቱም መስኮት ብቻ ይሁን ወይስ እንደ ቀድሞው የሥራ ቦታም ይሁን የሚል ነበር።

ይህ ፈተና የካርቱም ብቻ አይደለም፤ መሊክን የወለደው ቦታ ራሱ ምስክር ነው። ቶርኒክሮፍት በ1904 ከቺዝዊክ ወደ ሳውዝሃምፕተን ወደ ዉልስተን ተዛወረ፤ የቺዝዊኩ ቦታ ዛሬ የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ የዉልስተኑም ግቢ በ2004 ግድም ከተዘጋ በኋላ በመኖሪያ ቤቶች ተሸፈነ። ሁለቱም የእናት ግቢዎች ሲጠፉ፣ በበረሃ ዳር በክለብ አባላት እጅ የወደቀችው ልጅ ቀረች። በዚያው በለንደን፣ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1513 ባቋቋመውና በ1869 በተዘጋው በደፕትፎርድ የመርከብ ግቢ ላይ 3,500 ያህል ቤቶች ይሠሩ በተባለ ጊዜ፣ የሰፈሩ ሰዎች በ1678 በዚያ የተሠራችውን ሌኖክስ የተባለች መርከብ ዳግመኛ ለማነጽና የጥንቱን የጆን ኤቨሊንን የአትክልት ቦታ ለመመለስ ተነሡ፤ በ2014 ቦታው የዓለም ሐውልቶች ፈንድ አደጋ ያንዣበበባቸውን ቅርሶች በሚዘረዝርበት መዝገብ ገባ። ግንባታውን ማስቀረት ባይችሉም ሐሳባቸው ከከተማው ውሳኔ እንዳይዘለል አድርገዋል። እነርሱ የጠፋችን መርከብ እንደገና ለመሥራት ሲደክሙ፣ ካርቱም ያልጠፋችውን በእጇ ይዛ ነበር።

በኦምዱርማንም ከ1928 ጀምሮ ቤተ መዘክር የሆነው የኸሊፋው ቤት ከ2018 በኋላ ከሰፈሩ ሕዝብ ጋር በመመካከር ሲታደስ የተስፋ ዘመን መስሎ ነበር። ነገር ግን ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም መካከል የተነሣው ጦርነት ከተማይቱን አመድ አለበሳት፤ በዓባይ ዳር ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ሚሊዮኖች ተሰደዱ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ በመተማ በኩል ወደ እኛ ሀገር መጡ። በ2025 ጸደይ የመንግሥቱ ሠራዊት ከተማይቱን ሲይዝ ሕዝቡ ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀመረ።

እንግዲህ የሚቀጥለው ዘመን የእድሳት ዘመን ይሆናል፤ ለካርቱም ቅርስ ከጦርነቱ ቀጥሎ የሚያስፈራውም ዘመን ይኸው ነው። የፈረሰ ከተማ በፍጥነት ቤት ይፈልጋል፤ የወንዝ ዳር ባዶ መሬትም ለቸኮለ ገንቢ በቀላሉ ይሰጣል። ስለዚህ አዲሱ የከተማ ፕላን ሲነደፍ የባሕሪ ማደሻ ግቢ፣ የመሊክ ማረፊያና የቦርዴን ቅሪት በካርታው ላይ ስማቸው ተጽፎ ወሰናቸው ይከለል፤ ከግቢውም አንዱ ክፍል ለመርከብ ሥራ ይቀጥል፣ የቀሩት አንጥረኞችና የሱንት ጀልባ ጠራቢዎችም ለወጣቶች የሚያስተምሩበት ቦታ ይሰጣቸው። ታሪኩ እንዳስተማረው ተርሳናው በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የተረፈው ዐዋጅ ስለ ወጣለት ሳይሆን፣ ኸሊፋውም፣ ሠራተኛውም፣ የጀልባ ተወዳዳሪውም የሚሠሩበትና የሚቀመጡበት ስላደረጉት ነው፤ ቱቲም የዳነችው ሕዝቧ ስላልለቀቃት ነው። ጋምቤላም የባሮ ዳሩን አሮጌ ወደቧን ስታስብ ይህን ትምህርት ትውሰድ፤ በአንድ ወንዝ የታሰሩ ሕዝቦች በአንድ ወንዝ የሠሩትን ቅርስ ተረዳድተው ሊጠብቁት ይገባልና።